ሣሩ ላይ የቆመው ሳንቃ

የዚያን ቀን ሞጣ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። የኪነት ቡድናችን ኃላፊ ጓድ ማሞ፣ የተተኮሰ ካኪያቸውን ለብሰው። ከክፍለ ሀገር የመጡ አንድ እንግዳ፣ ስማቸው ያልተነገረን፣ ከሁለት አጃቢዎች ጋር። ከሴቶች ማኅበር እትዬ ዘርትሁንና አብረዋቸው የመጡ አምስት ስድስት ሴቶች። መሰንቆ መቺያችንና ከበሮ መቺው። የጭነት መኪናው ሾፌር፣ ከወንበሩ ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት ያወጣ። የሁለት ቀበሌ ሕዝብ፣ ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ከነአህዮቻቸው፣ አጥር ላይ የተንጠላጠሉ ተማሪዎች። መኪናው ላይ ደግሞ እናኑ ከኋላዬ፣ እኔ ከፊቷ።

ጋሽ ይርዳው አልነበሩም። እስከ ዛሬ ያን ቀን ሳስብ ከነበሩት ሁሉ ይልቅ ፊታቸው የሚመጣብኝ ያልነበሩት ሰው ናቸው።

ስሜ የሺ ነው። ዘንድሮ ጡረታ ወጥቻለሁ። የወጣሁት ከልብስ አጣቢነት ነው፤ ብዙ ዓመት የበሽተኛ አንሶላ ሳጥብ ኖሬአለሁ። ሲሸኙኝ ነጠላ አለበሱኝ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ኃላፊዋም ጥሩ ንግግር አደረገች። በንግግሯ ውስጥ ስለ መጀመሪያ ሥራዬ አንድ ቃል አልነበረም። አልፈርድባትም፤ ነግሬአት አላውቅም። በደርግ ጊዜ ስድስት ዓመት ያህል፣ በመንግሥት ደመወዝ፣ አራት የብረት ጎማ ባለው ሳንቃ ላይ ቆሞ መንሸራተት ነበር ሥራዬ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ ልጄ ሰብለ ናት። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ልትጠይቀኝ መጥታ ጓዳዬን ስታጸዳ ከቆጡ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ከባድ ነገር አወረደች።

"እማዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ቀስ ብለሽ ያዥው፤ ጣትሽን እንዳይቆነጥጥሽ።"

ፈታችው። አገላብጣ አየችው፤ አንዱን ጎማ በጣቷ ገፋችው፤ ዝጎ ነበርና አልዞረም። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ወጣቶች በባለ ጎማ ሳንቃ ሲንሸራተቱ፣ ደረጃ ሲዘሉ አሳየችኝ።

"እንዲህ ያለ ነው እኮ። ማን ነበር የሚሄድበት?"

"እኔ።"

"አንቺ? ብስክሌት ልማር ስልሽ ሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣሽው?"

"ብስክሌት ሌላ ነው። ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው።"

"አሁንም ደረጃ ስወርድ እጄን ትይዢኛለሽ፤ አርባ ሊሞላኝ ነው።"

"የአንቺን ቤት ደረጃ አላውቀውማ።"

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነው። ያላወቅሁት ነገር ያስፈራኛል፤ ያስፈራኝን ነገር ደግሞ ሳላገላብጠው እንቅልፍ አይወስደኝም። ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። ያን ሥራ ያገኘሁትም በዚሁ ጠባዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ቢቸና ነው። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቁሜ ወፍጮ ቤት ዱቄት ጠራጊ ሆንኩ። የወፍጮ ቤቱ መካኒክ ጋሽ ይርዳው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም ሰው፣ ቅንድባቸው ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰ። ከሰው ጋር ብዙ አያወሩም፤ ሞተሩ ሲበላሽ ግን ቁጭ ብለው እንደ ታመመ ዘመድ ይጠይቁታል። "ምን ሆንክ? የቱ ጋ ነው?" ይሉታል።

አንድ ቀን ጓድ ማሞ መጡ። ያን ጊዜ የቢቸና አውራጃ የኪነት ቡድን ኃላፊ ነበሩ። ቡድኑ በየበዓሉና በየስብሰባው ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ድራማ ያሳያል፤ እሳቸው ግን ሕዝቡ አይቶት የማያውቅ ነገር ይፈልጉ ነበር። ከጋዜጣ የተቀደደ ፎቶ ይዘዋል። አንዲት የውጭ አገር ልጅ ባለ ጎማ ሳንቃ ላይ ቆማ ባንዲራ ይዛለች።

"ይህን መሥራት ይቻላል?" አሏቸው ጋሽ ይርዳውን።

ጋሽ ይርዳው ፎቶውን ተቀብለው አዩት፣ ገለበጡት፣ በጀርባው ስለ ማዳበሪያ የተጻፈውን አነበቡ፣ መልሰው ገለበጡት።

"ምን ይፈልጋሉ?" አሉ ጓድ ማሞ።

"ሥሩን ነዋ። ፎቶ ያነሳው ሰው ከላይ ነው የቆመው። ሥሩን ማን ያሳየኛል?"

"ጎማ ነው ያለው፣ ይታያል።"

"ጎማማ ጋሪም አለው ጌታዬ። ልጅቱ እንዴት እንደምታጥፈው ነው የቸገረኝ። መሪ የላት፣ ልጓም የላት።"

ፎቶውን ግድግዳው ላይ በዱቄት ሊጥ ለጠፉት። ከዚያ በኋላ ለወፍጮው ግራሶ ሲቀቡ እንኳ ዓይናቸው እዚያ ነበር። እኔም ስጠርግ ቆሜ አየዋለሁ። ልጅቱ ጉልበቷን ትንሽ ሰበር አድርጋለች፤ ለምን ይሆን? አንድ እግሯ ወደ ጎን ዞሯል፤ ለምን? የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ሌት ተቀን ያን እግር አሰላስል ነበር።

ሳንቃውን ከዋንዛ ሠሩት፤ ቀላል ነው፣ አይሰነጠቅም። ለጎማ ከወፍጮውና ከመኪና የወጡ አሮጌ ኩሽኔታዎች ሰበሰቡ። ኩሽኔታ ማለት በሁለት የብረት ቀለበት መካከል ትናንሽ የብረት ኳሶች የሚሽከረከሩበት ነገር ነው። እሱን በወይራ አግዳሚ እንጨት ጫፍና ጫፍ መትተው አስገቡ። የማጠፉ ነገር ግን ሦስት ሳንቃ አስፈጀ። በመጨረሻ በእንጨቱና በሳንቃው መካከል ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ደረቡና፣ የሚያያይዘውን ቡሎን ቀጥ አድርገው ሳይሆን ዘንበል አድርገው አስገቡት። ያን ጊዜ በአንድ በኩል ስትጫነው ጎማዎቹ ራሳቸው ወደዚያው ዞሩ። ጋሽ ይርዳው በእጃቸው እየተጫኑ ቀኝና ግራ አስኬዱት፣ ከዚያ ቁጭ አሉና ፎቶዋን ቀና ብለው አይተው "ነገርሽኝ" አሏት።

ጓድ ማሞ ከቡድኑ ሁለት ደፋር ጎረምሶች አመጡ። የእህል መጋዘን የሲሚንቶ ወለል ላይ ተሞከረ። አንዱ ግንባሩን ተፈነከተ፣ ሌላው ጥርሱን ሰበረ። እኔ ከበሩ አጠገብ መጥረጊያዬን ይዤ አያለሁ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ጋሼ፣ ሁልጊዜ በግራ በኩል የሚወድቁት ለምንድን ነው?"

ጎረምሳው፣ አፉን በጨርቅ ይዞ፣ "አንቺ ዱቄትሽን ጥረጊ" አለኝ።

ጋሽ ይርዳው ግን ሳንቃውን ገልብጠው የግራውን የኋላ ኩሽኔታ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አሽከረከሩት። ፊታቸው ተለወጠ። ከኳሶቹ አንዱ ተሰንጥቆ ነበር።

"ነይ ውጪበት" አሉኝ።

"እኔ እፈራለሁ ጋሼ።"

"ለዚያ ነው ውጪ ያልኩሽ። ደፋር ሰው ፊቱን ነው የሚያየው። የፈራ ሰው መሬቱን ያያል።"

እንዲህ ሆኜ ገባሁ። እናቴ ስትሰማ "ልጄን በመንኮራኩር ላይ ሊያስኬዷት ነው" ብላ ደብር ሄዳ ተሳለች። ደመወዙን ስታይ ዝም አለች።

ስለ ሥራው ልንገራችሁ፤ ሰው የሚመስለው ሌላ ነው። ሚዛኑ እግር ላይ አይደለም፣ ወገብ ላይ ነው። ጉልበት ሰበር የሚደረገው መሬቱ የሚናገረውን ለመስማት ነው፤ ቀጥ ያለ ጉልበት ደንቆሮ ነው። ብረት በሲሚንቶ ላይ ሲሄድ የሚያወጣው ድምፅ ደግሞ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ውሾች ጭራቸውን ቆልፈው ይሸሹ ነበር። የምወደው ግን ድምፁን ነው። ኩሽኔታው ደህና ሲሆን ድምፁ አንድ ነው፤ አሸዋ ሲገባበት ይንሾካሾካል፤ ግራሶው ሲደርቅ ያፏጫል። ከጊዜ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ የቱ ጎማ እንደተከፋ መናገር ቻልኩ።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ይርዳው ናቸው። እሳቸው ከእያንዳንዱ ትርኢት በፊት አራቱንም ኩሽኔታ አውልቀው በላምባ ያጥባሉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ያደርቃሉ፣ አንድ በአንድ ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ። ሰው ቢያናግራቸው ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ጓድ ማሞም ቢሆኑ ያው ነው። ከዚያ ጫማቸውን ያወልቁና የምሄድበትን መንገድ ሁሉ በባዶ እግራቸው ይሄዱበታል። ቀስ ብለው፣ ተረከዛቸውን አስቀድመው። ጠጠር ካገኙ አንስተው ኪሳቸው ይከቱታል፤ ወደ ጎን አይጥሉትም።

"ለምን ኪስዎ ይከቱታል?" አልኳቸው አንድ ጊዜ።

"የተጣለ ይመለሳል። ኪሴ የገባ አይመለስም።"

አንድ ደግሞ አለ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የብረት ኳስ በጨርቅ ቋጥረው ይዘው ይዞራሉ። ጣውላው ላይ ያስቀምጧታል። ከቆመች መንገዱ ደህና ነው። ወደ ጎን ከተንከባለለች ጣውላው ዘሟል ማለት ነው፤ ከሥሩ ድንጋይ ይደረግለታል።

ጣውላ ያልኩት መንገዳችንን ነው። የኛ አገር መንገድ ያን ጊዜ ኮረኮንች ነበር፤ የብረት ጎማ አይሄድበትም። ስለዚህ መንገዳችንን ጭነን ነበር የምንዞረው። በመኪናው ጭነት ላይ እንቆማለን፤ ከዚያ እስከ መሬት ጣውላ ይዘረጋል፤ ከታችም ሲሚንቶ ካለ በሲሚንቶው፣ ከሌለ በሌላ ጣውላ ላይ እስክቆም እሄዳለሁ። ከመነሣት እስከ መቆም ያለው ጊዜ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አያደርስም። ለዚያች ጊዜ ስንል ግማሽ ቀን እናነጥፋለን።

ደብረ ወርቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጨርሼ ስወርድ ወደ ጋሽ ይርዳው ተጠግተው፣ "ይህች ልጅ በምን ኃይል ነው የምትሄደው?" አሏቸው።

"በቁልቁለቱ ኃይል ነው አባቴ።"

"ቁልቁለትማ ማንንም ይወስዳል። ዳገቱን ስትወጣው ጥሩኝ" አሉና ጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። ጋሽ ይርዳው ለሳምንት ሲስቁ ከረሙ። በኋላም ዳገት የሚወጣ ሳንቃ ለመሥራት መሞከራቸውን አውቃለሁ፤ አልሆነላቸውም።

እናኑ የመጣችው በአራተኛው ዓመቴ ነው። ከቢቸና ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ለዘፈን የተመለመለች ልጅ ነበረች፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ግን ትከሻዋ ያጋልጣታል። ሳንቃውን ባየች ቀን "ሁለት ሰው አይችልም?" አለች። ጋሽ ይርዳው ጥያቄውን ወደዱት። ሳንቃውን አስረዘሙት። እኔ ከፊት ሆኜ አጥፋለሁ፤ እሷ ከኋላ እንስራ በጀርባዋ አዝላ፣ እንደ ውኃ ቀጂ ጎንበስ ብላ ትቆማለች። ከመኪናው ላይ ወርደን ስንቆም እንስራውን አውርዳ ለሕዝቡ ውኃ ትቀዳለች። ያ ትርኢት እንደ ጉድ ተወደደ። ሴቶቹ ይጮኹብን ነበር።

"ልጄ፣ እግርሽን አውሺኝና ወንዝ ደርሼ ልምጣ!"

"እሷስ ቁልቁል ነው፤ የኛ ምንጭ ዳገት ነው ያለው!"

ጓድ ማሞ እንስራው ባዶ ቢሆን ይሻላል ብለው ነበር፤ ውኃው ከታች በሌላ ዕቃ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ አሉ። እናኑ እንቢ አለች።

"ባዶ እንስራ አዝዬ ሕዝብ አላታልልም። እናቴ ብታየኝ ምን ትላለች?"

"ከባድ ነው፤ ብትወድቂስ?"

"የሺ ከፊቴ ናት አይደል?"

ይህን ስትል አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንስራው ሙሉ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ጓድ ማሞም ያውቃሉ።

ጓድ ማሞ ወደ ሞጣ አውራጃ ሲዛወሩ እኔንና እናኑን ይዘውን ሄዱ፤ ሰብለ ያን ጊዜ ጨቅላ ነበረች። ጋሽ ይርዳውንም ጠይቀዋቸው ነበር፤ ወፍጮ ቤቱ ግን አለቃቸውም። በሄድንበት ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኙን። ያቺን የብረት ኳስ ከነጨርቋ እጄ ላይ አስቀመጡ።

"እንግዲህ መንገዱን አንቺ በእግርሽ ትሄጂበታለሽ" አሉኝ። "ከሄድሽበት በኋላ ሰው ከረገጠበት፣ ደግመሽ ትሄጂበታለሽ። ማንም ቢቆጣሽ።"

"እሺ ጋሼ።"

"ማንም ቢቆጣሽ።"

"እሺ አልኩ።"

ሁለት ዓመት እንዳሉኝ አደረግሁ።

የዚያን ቀን ትርኢቱ የሚታየው ሰፊ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነበር። በጠዋት ጠረግሁት። በባዶ እግሬ ሄድኩበት፤ ሰባት ጠጠር አግኝቼ ኪሴ ከተትኩ። ኳሷን ጣውላው ላይ አስቀመጥኳት፤ ቆመች። ኩሽኔታዎቹን አጥቤ አዳመጥኳቸው። ከዚያ ልብስ ልንለብስ እኔና እናኑ ሄድን።

ለብሰን ስንመለስ እንግዳው ተቀምጠዋል፤ ከበሮው ጀምሯል። መኪናው ላይ ወጣሁና ቁልቁል አየሁ። ሲሚንቶው አረንጓዴ ሆኗል። ከጣውላው ጫፍ ጀምሮ እስከ እንግዳው ወንበር ድረስ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ ከወንዝ ዳር ገና የታጨደ፣ ውኃው ያልደረቀ።

የጎዘጎዙት እትዬ ዘርትሁን ነበሩ። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፣ የሴቶች ማኅበሩ ሁሉ እናት። ማንም አላዘዛቸውም። እንግዳ መጣ ሲባል ጎሕ ሲቀድ ወንዝ ወርደው አጭደው በጀርባቸው ተሸክመው አምጥተዋል። ከታች ሆነው ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ።

"ለእናንተም እግር ብዬ ነው ልጄ" አሉኝ። "በደረቅ መሬት ላይ ምን አወረዳችሁ?"

እርጥብ ሣር ብረት ጎማ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ቢቸና ላይ በእጃችን እየገፋን ሞክረነው ነበር፤ ይጠመጠማል። "እትዬ፣ ይጠረግልኝ" ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ለእንግዳ የተጎዘጎዘን ሣር ፊቱ ላይ መጥረግ፣ ያውም የትልቅ ሰው እጅ የጎዘጎዘውን፣ በእኛ አገር ሰውየውን ውጣልኝ እንደማለት ነው። ሴትዮይቱንም ማዋረድ ነው። ጓድ ማሞ በእጃቸው "ቀጥሉ" ይላሉ። ይሉኝታ ያዘኝ። ስንት ነገር ስፈራ ኖሬ የዚያን ቀን የፈራሁት ሰው ነው።

እናኑ ከኋላዬ ሆና በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"የሺ፣ ሣሩስ?"

"ምንም አይል" አልኳት። "ፈጠን ብለን እናልፈዋለን።"

"እሺ" አለች።

ሄድን። ጣውላው ላይ ድምፁ ደህና ነበር። ሣሩ ላይ እንደደረስን ድምፁ ጠፋ፤ ዝም አለ፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚያ ሳንቃ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ የፊት ጎማዎቹ ቆሙ። ፈሪ ስለሆንኩ እግሬ ሁልጊዜ ለመውረድ የተዘጋጀ ነው፤ ወደ ፊት ዘልዬ ሦስት አራት እርምጃ ሮጬ ቆምኩ። እናኑ ጀርባዋ ላይ ሙሉ እንስራ ታስሮ ነበር። መዝለል አልቻለችም። በጎኗ ወደቀች፤ እንስራው ተሰበረ፤ ውኃው ከሣሩ ጋር ፈሰሰ። ቀኝ እግሯ ከጉልበት በታች መሆን በሌለበት በኩል ታጥፎ ነበር። አልጮኸችም። አፏን በእጇ ሸፈነች፤ እንደምትስቅ ሁሉ።

የእንግዳው መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ተመላሽ ስለነበር እሷን ጭኖ ሄደ። ተከትዬ ልግባ ስል ጓድ ማሞ "አንቺ ለስብሰባው ትፈለጊያለሽ" አሉኝ።

የግምገማው ስብሰባ በሦስተኛው ቀን ሆነ። ጓድ ማሞ እንዲህ ብለው ጀመሩ፤ "ይህ ነገር ቸልተኝነት ነው ወይስ አሻጥር?" አሻጥር የምትል ቃል በዚያ ዘመን ሰውን ከቤቱ አውጥታ የምትወስድ ቃል ናት። ከበሮ መቺው "ሣሩ እርጥብ ነበር" አለ። እትዬ ዘርትሁን ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ነክሰውታል።

"ሣሩ ነው?" አሉኝ ጓድ ማሞ።

"ሣሩ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

እዚህ ላይ የምናገረው ቃል ነበረኝ። እኔ ነኝ፤ እናኑ ጠይቃኝ ነበር፤ ምንም አይል አልኳት። ይህን ብል ከሥራ እወጣለሁ። የሰብለ አባት ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል፤ ሰብለ ሁለት ዓመቷ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። ከዚያ እንዲህ አልኩ፤

"እንስራው ሙሉ ነበር።"

እውነት ነው። ሙሉ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን እናኑ ያለ መመሪያ እንስራ ሞልታ በመገኘቷ አደጋ አድርሳለች፣ ከቡድኑም ተሰርዛለች ተብሎ ተጻፈ። ፈረምኩ። እትዬ ዘርትሁን ሲወጡ እጄን ይዘው ሳሙኝ፤ ያዳንኳቸው እኔ መሰልኳቸው። የእጃቸው ሙቀት እስካሁን ያስጨንቀኛል።

ከዚያ በኋላ ሳንቃው ላይ አልቆምኩም። ጉልበቴ እንቢ አለ፤ ቀጥ ብሎ ደረቀ። ጓድ ማሞ ለጥቂት ጊዜ ታገሡኝና አሰናበቱኝ። ሥራዬን ለማዳን ብዬ የተናገርኩት ቃል ሥራዬንም አላዳነልኝ።

ሳንቃውን ተሸክሜ፣ ሰብለን አዝዬ ቢቸና ተመለስኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ወፍጮ ቤት ነው። ለጋሽ ይርዳው ሁሉንም ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው ይጠይቁኝ ጀመር፤ ለማወቅ።

"ሣሩ ቄጤማ ነው ሰርዶ?"

"ቄጤማ።"

"ስንት ጣት ያህል ይወፍራል?"

"ሦስት ጣት።"

"የቱ ጎማ ነው ቀድሞ የቆመው?"

"የፊት ቀኙ።"

ሳንቃውን ገልብጠው ከቀኙ ኩሽኔታ የደረቀ ሣር በወስፌ መዘዙ፣ መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። ከዚያ ቀና አሉ።

"እናኑስ እንዴት ናት?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"እግሯ ድኗል?"

"አላውቅም።"

ሣሩን ኪሳቸው ከተቱት፤ ጠጠሩን እንደሚከቱት።

"አንድ ላንድሮቨር እዚህ በር ላይ ቆሞ ነበር" አሉኝ። "ለታመመ ሰው ውኃ ስጡን አሉ። በጣሳ ሰጠኋቸው። ማን እንደተኛች ግን ገብቼ አላየሁም።" ወስፌውን አስቀመጡ። "ጎማውን ሁሉ ነገርሽኝ፤ የልጅቱን አንድም አልነገርሽኝም። ይህን ሳታውቂ ነው የመጣሽ?"

ሌላ አልተቆጡኝም። ሰብለን ከእናቴ ዘንድ ትቼ በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ።

ሐኪም ቤት "እግሯ በጀሶ ታስሮላት ወንድሟ ወስዷታል" አሉኝ። ወንድሟ የት እንደሚኖር የሚያውቅ ጠፋ። ወደ ገጠሯ ላክሁ፤ እናቷ ሞተዋል፣ ቤቱም ተዘግቷል አሉኝ። አንድ ነጋዴ የጥኖራ ገበያ ላይ በምርኩዝ የምትሄድ ልጅ አይቻለሁ ቢለኝ ሁለት ገበያ ዋልኩ፤ ሌላ ሴት ናት። አምበር ላይ አንዲት ጠጅ ሻጭ "አንዲት አንካሳ ዘፋኝ እዚህ አድራ ወደ አዲስ አበባ ተሻገረች" አለችኝ። ዓባይ ድልድይ ድረስ ወርጄ የመኪና ረዳቶችን ጠየቅሁ። በቀን ስንት ሰው እንደሚያልፍ ነገሩኝና ተመለስኩ።

ከዚያ ሥራዬ እጥበት ሆነ፤ ልጅ አሳደግሁ። ሰብለ ዛፍ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ አላስወጣኋትም። ጋሽ ይርዳው አርፈዋል፤ እስከ መጨረሻው ባገኙኝ ቁጥር "ወሬዋን ሰማሽ?" ይሉኝ ነበር። እትዬ ዘርትሁንም አርፈዋል፤ አሁን ማንም ስለ ሣሩ ሊጠይቃቸው አይችልም። ስለዚህ ልናገር እችላለሁ። ሣሩን አይቼዋለሁ። እናኑ ጠይቃኝ ነበር። እንስራው ሁልጊዜም ሙሉ ነበር፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም።

ሰብለ ይህን ሁሉ ስነግራት ሳንቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። "አሁን ብታገኚያት ምን ትያታለሽ?" አለችኝ። ብዙ አሰብኩ። ከይቅርታው በፊት የምጠይቃት አንድ ነገር አለኝ፤ ጋሽ ይርዳው የጠየቁኝን።

እናኑን የምታውቁ ሰዎች ካላችሁ፣ የቢቸና ልጅ ናት፣ በዘፋኝነት ሞጣ ሠርታለች፣ ቀኝ እግሯ ከጉልበት በታች ተሰብሮ ነበር፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቢቸና ላይ ልብስ ታጥብ የነበረችው የሺ ብላችሁ ብትጠይቁ ታገኙኛላችሁ። እግሯ ድኖ እንደሆነ ንገሩኝ።